«ስንፈልጋችሁ እንደውላለን»

አንጋጫ ውስጥ አንድ ቤት ቡና ተጠርቼ ገባሁ። ግድግዳው ላይ፣ ከቤተሰቡ ፎቶግራፍ አጠገብ፣ የፋብሪካ ባጅ በገመዱ ተንጠልጥሏል። የቤቱ ልጅ ባጅ ነው። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሸሚዝ ትሰፋ ነበር። «ትእዛዝ ቀንሷል፣ ጨርቅም አልገባም፤ ለጊዜው ቤታችሁ ሁኑ፣ ስንፈልጋችሁ እንደውላለን» ተብላ ከመጣች አራተኛ ወሯ ነው። አልተባረረችም። ደመወዝም አልገባላትም። ስልኳን ቻርጅ ሳታደርግ አትተኛም። እናቷ ቆጮውን ምጣድ ላይ እያገላበጡ «ይደውላሉ፤ ብለዋል እኮ» አሉኝ፣ ልክ እኔ የከለከልኳቸው ይመስል።

ይህን የምጽፈው ለእሷና ለመሰሎቿ ነው። ከአንጋጫም ከዱራሜም ከሺንሺቾም ከሆሳዕናም ወጥታችሁ ፋብሪካ ገብታችሁ፣ አሁን ስልክ እያያችሁ ቤት ለተቀመጣችሁ ሁሉ። መጠበቁን አልከለክልም። ብቻችሁን፣ በቃል በተነገራችሁ ተስፋ አትጠብቁ ነው የምለው።

«ቤት ሁኑ» የሚባለው ነገር ሕጉ ዘንድ ስም አለው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 54ን አንብቡ፤ ማንበብ የማይችል ካለ አንብቡለት። ሠራተኛው ለመሥራት ዝግጁ ሆኖ ሳለ መሣሪያ ወይም ጥሬ ዕቃ ባለመቅረቡ፣ ወይም በእሱ ባልመጣ ሌላ ምክንያት ሳይሠራ ከዋለ፣ ደመወዙ ይከፈለዋል። ጨርቅ አለመግባቱ የሰፊዋ ጥፋት ነው እንዴ?

አሠሪውም መውጫ አለው፤ ይህን ብደብቃችሁ ፍርድ ቤት በር ላይ አሳፍራችኋለሁ። ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ወይም በራሱ ጥፋት ያልመጣ የገንዘብ ችግር ገጥሞት ሥራው ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት የሚቆም ከሆነ፣ ውሉ ለጊዜው እንዲታገድ ማድረግ ይችላል። ታዲያ ይህ የሚሆነው ሱፐርቫይዘር በቴሌግራም ግሩፕ መልእክት ስለለቀቀ አይደለም። ምክንያቱ በተፈጠረ በሦስት ቀን ውስጥ ለሥራና ክህሎት መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። መሥሪያ ቤቱ በቂ ምክንያት የለም ካለ፣ ሥራው እንዲቀጥልና የታገዱበት ቀናት እንዲከፈሉ ያዛል። ካመነበት ጊዜ ወስኖ ይፈቅዳል፤ ጊዜው ከ90 ቀን አይበልጥም፤ በዚያን ጊዜ ውስጥ ደመወዝ አይቆጠርም። ቀኑ ሲያልቅ በማግሥቱ ሥራ ቦታችሁ ትገኛላችሁ፣ አሠሪውም የመመለስ ግዴታ አለበት። ድርጅቱ ከነጭራሹ አይነሳም ከተባለ ደግሞ ውሉ ይቋረጥና የስንብት ክፍያና ካሳ ይመጣል። አንድ ክፉ ነገር አለ፦ ደብዳቤው ገብቶ መሥሪያ ቤቱ በጊዜው መልስ ካልሰጠ፣ ዝምታው እንደ ፈቃድ ይቆጠራል።

ስለዚህ ነገሩ ሁሉ መሥሪያ ቤቱን በምትጠይቁት አንድ ጥያቄ ላይ ይቆማል። «ድርጅታችን እኛን ቤት ሲልክ ለእናንተ ደብዳቤ አስገብቷል ወይ? አስገብቶ ከሆነስ ስንት ቀን ተፈቀደለት?» ደብዳቤ ከሌለ ደመወዛችሁ ቤት በተቀመጣችሁባቸው ቀናት ሁሉ ሲቆጠር ነበር ብላችሁ ትከራከራላችሁ። ካለ ከ90 ቀን በኋላ ያለው ጊዜ የእናንተ ነው። አራት ወር የተቀመጠችው ልጅ በየትኛውም መንገድ ብትቆጥሩላት የሚጠየቅላት ነገር አላት።

ይህን ጥያቄ ግን አንድ ሰው ብቻውን ሲጠይቅ ምን እንደሚሆን እናውቃለን። የደወለችዋን «ኤች አር አናግሪ» ይሏታል፤ ኤች አር «ስም ዝርዝርሽን ልይ» ይላታል፤ ካርዷ ያልቃል። አሥር ሆናችሁ በር ላይ ስትቆሙ ሌላ ነው። አሥር ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም፤ አዋጁ ሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም የሚጠይቀው ቁጥር ነው። መሰብሰብ ደግሞ ለእኛ አዲስ አይደለም። እንሰት የሚፋቀው በጎረቤት ሴቶች ጉልበት ነው። ለመስቀል በሬ ዓመቱን ሙሉ በትንሽ በትንሹ የምናዋጣ ሰዎች፣ ለደመወዛችን የሐዋሳ መሳፈሪያ ማዋጣት ያቅተናል?

አባቶቻችን ወንጂ፣ ሸዋና መተሐራ አገዳ ቆራጭ ሆነው የወረዱት ከዚሁ ከከምባታና ከሐዲያ ደጋ ነው። ወንጂ ስኳር ማምረት በጀመረበት በ1946 ዓ.ም. ፋብሪካው የሆላንዶች ነበር፤ ቆራጩ ደግሞ በወቅት እየተጠራ በወቅት የሚሸኝ። ያም ሆኖ በ1955 ዓ.ም. የመጀመሪያው የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ሲቋቋም ከመሥራቾቹ መካከል የወንጂ ሠራተኞች ነበሩ። ያን ጊዜ ሞባይል የለም፣ ቴሌግራም የለም።

ወደ ፓርኩ ስንመለስ፣ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ የውጭ ገዢዎች ትእዛዝ ሰረዙ፣ ብዙ የፓርክ ሠራተኛ ቤት ተላከ። እንግሊዝ ውስጥ መንግሥት ቤት ለተላከው ሠራተኛ የደመወዙን 80 በመቶ፣ በወር እስከ 2,500 ፓውንድ ይከፍል ነበር። እኛ ጋ እንዲያ ያለ ካዝና የለም። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ኅዳር ላይ ፒቪኤች የተባለው ትልቁ ገዢ ከሐዋሳ እንደሚወጣ ተናገረ፤ ታኅሣሥ ላይ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድሏ ከአጎዋ ሰረዘች። በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የፓርኩን መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ብሎት ነበር። ከ26 ዶላር የቤት ኪራይ ከፍላ የበላች ልጅ ለክፉ ቀን ምን ታስቀምጣለች?

እንግዲህ ወደ ሥራው። ባጃችሁን፣ የሥራ ውላችሁን፣ ደመወዝ የሚገባበትን የባንክ ስቴትመንት፣ «ቤት ሁኑ» የተባላችሁበትን መልእክት ፎቶ አንስታችሁ አንድ ላይ አስቀምጡ። የምትተዋወቁትን ስም፣ የሥራ ክፍልና ከሥራ የቆማችሁበትን ቀን በአንድ ወረቀት ጻፉና ፈርሙ። የደመወዝ ጥያቄያችሁን በሁለት ኮፒ አዘጋጁ፤ አንዱን የድርጅቱ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉ፣ ሌላው ላይ ማኅተም አስመቱና ያዙ። ድርጅቱ «አዎ፣ ዕዳ አለብን» ብሎ በጽሑፍ ከመለሰ ወርቅ ነው፤ የይርጋውን፣ ማለትም የመጠየቂያ ጊዜ ገደቡን፣ ቆጠራ ያቋርጠዋል። አንድ ወረቀት ግን በጭራሽ እንዳትፈርሙ፦ «በራሴ ጥያቄ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስጃለሁ» የሚለውን። ያ ፊርማ አሠሪው ያላገኘውን ፈቃድ እናንተ በእጃችሁ መስጠት ነው።

ጉዳዩ የሚታየው ሥራው በነበረበት በሐዋሳ ነው። በዱራሜ፣ በሐላባና በሻሸመኔ አድርጎ መሄድ ገንዘብም ቀንም ይፈልጋል። ስለዚህ ሁሉም ከሚጉላላ ሁለት ሦስት ሰው ወክሉ፣ ሌላው መሳፈሪያ ያዋጣ። ፍርድ ቤቱ የሥራ ክርክር ላይ የዳኝነት ክፍያ አያስከፍልም፤ የመጀመሪያ ደረጃ የሥራ ችሎትም አቤቱታው በቀረበ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ታዝዟል። ይዘገያል አትበሉ አልልም። ግን መዝገብ ያልከፈተ ሰው መዘግየቱንም አያውቀው።

የእድር ዳኞች፣ ለቅሶ ላይ ለእነዚህ ሠራተኞች አንድ ደቂቃ ስጧቸው። ሕግ ተምራችሁ የተመለሳችሁ ልጆቻችን፣ ማመልከቻውን ጻፉላቸው። ደቡብ አፍሪካ ያላችሁ ወንድሞች፣ «ተይው፣ እኔ ጋ ነይ» ከምትሉ የሐዋሳ መሳፈሪያ ላኩ። መምህራንና የጤና ባለሙያዎችም ታውቁታላችሁ፤ በ2016 ዓ.ም. ሐዲያ ውስጥ ደመወዝ ዘግይቶ ትምህርት እስከ መቆም ሲደርስ ወላጅ ሁሉ ከጎናችሁ እንዲቆም ፈልጋችሁ ነበር። የእናንተ ሕግ ሌላ ነው፤ ረሃቡ ግን ያው ነው።

ቀኑን ቁጠሩ። ደመወዝ መከፈል ካለበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ በክስ ካልተጠየቀ በይርጋ ይቀራል። የመጋቢት መጨረሻ ደመወዝ ከመስከረም መጨረሻ አያልፍም። ለመስቀል አገር ቤት ስንሰባሰብ ባጃችሁን ከግድግዳው አውርዳችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ዝርዝሩን እዚያው እንፈራረም።