ለእህት ለወንድማችሁ ንገሩ!

ግላኮማ በቤተሰብ እንደሚወረስ የሰማ አይጠፋም። ሰምቶ ወንድሙን ይዞ ዓይን ሐኪም ዘንድ የሄደው ግን ስንቱ ነው?

አንዲት ጉልት ቸርቻሪ እናት አውቃለሁ። አንድ ምሽት ግራ ዓይኗንና ግንባሯን ይፈልጣት ጀመር። አምፖሉ ዙሪያውን ቀስተ ደመና ለብሶ ታያት። ሲያስመልሳት ቤተሰቡ «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ጨመቀላት። በማግስቱ ጨጓራ ነው ተባለ፤ የጨጓራ መድኃኒት ተገዛ። ዓይን ሐኪም ዘንድ ስትደርስ ሦስት ቀን አልፎ፣ ግራ ዓይኗ ጠፍቶ ነበር። የሚያንገበግበው ከዚያ በኋላ የሰማነው ነው። ታላቅ እህቷ አልጋዋ አጠገብ ቆማ፣ «እኔንም የዓይንሽ ማዕዘን ጠባብ ነው ብለው በሌዘር ሠርተውኛል» አለች። ከዓመታት በፊት! ለማንም አልተነፈሰችም።

ንገሩ! እናትየዋን ያጠቃት፣ የዓይን ውስጥ ፈሳሽ የሚወጣበት ማዕዘን ሲዘጋ የሚመጣው ግላኮማ ነው። ማዕዘኑን የሚያጠብበው የዓይን አፈጣጠር ነው፤ አፈጣጠሩም ከወላጅ ይወረሳል። የታማሚ እህትና ወንድም ከሌላው ሰው ይልቅ ያሰጋቸዋል፤ ዕድሜያቸው ከ40 ያለፈ ሴቶች ላይ ደግሞ ሥጋቱ ይብሳል። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ሦስት፣ በ2016 አምስት ተጨማሪ የዘረመል ሥፍራዎች ከዚህ በሽታ ጋር እንደሚያያዙ ደርሰውበታል። ግን የእያንዳንዳቸው ድርሻ ትንሽ ስለሆነ፣ በደም ምርመራ «አንተ ትታመማለህ፣ አንቺ አትታመሚም» ማለት አልተቻለም። እሱን አትጠብቁ። ሐኪሙ ሌንስ ዓይናችሁ ላይ አድርጎ ማዕዘኑን በደቂቃዎች ያየዋል፤ ካስፈለገ በሌዘር ትንሽ ቀዳዳ ይከፍትና በዚያው ቀን ቤታችሁ ትገባላችሁ። የጠፋ ብርሃን ግን አይመለስም።

ስለዚህ ንገሩ! ሠርግና ለቅሶ ለመጥራት አገር ምድሩን የምናዳርስ ሰዎች ለገዛ እህታችን አንድ ስልክ መደወል እንዴት ያቅተናል? ዓረብ አገር ላለችውም ደውሉ። የተጣላችሁትም ካለ ደውሉለት፤ ኩርፊያው ይቆያል፣ ዓይን አይቆይም።

አዲስ አበባ ያላችሁ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ ጎንደርና ጅማ ያላችሁ የዩኒቨርሲቲዎቹ ሆስፒታሎች ዓይን ክፍል ሂዱ፤ ሌላ ቦታ ያላችሁ ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፉ። «በቤተሰቤ ግላኮማ አለ፤ የዓይኔ ግፊት ብቻ ሳይሆን ማዕዘኑም ይታይልኝ» በሉ። ዓይን ቀልቶ ከፈለጠ፣ ከደበዘዘና ካስመለሰ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ሌሊትም ቢሆን በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ግቡ።