ሥዕሉን ማን አዘዘው?

አንዲት ልጅ «ሥዕል መማር እፈልጋለሁ» ስትል ቤቱ መጀመሪያ ዝም ይላል። ቀጥሎ አባት የቡናውን ስኒ ያስቀምጥና «ጥሩ ነው ልጄ፣ ግን ምን ይበላል?» ይላል። እናትም «ነርስነቱን ተማሪ፣ ሥዕሉን ማታ ማታ ትስያለሽ» ትላለች። በነታንያም ሆነ በቴል ሞንድ፣ ከኢትዮጵያ በመጣ ቤተሰብ ዘንድ ይሄ ጨዋታ እንግዳ አይደለም። ወላጅ ክፉ አስቦ አይናገርም። በሰው አገር ከባዶ የጀመረ ሰው፣ ልጁ የወር ደመወዝ እንዲኖረው ቢመኝ አይፈረድበትም።

ነገር ግን ጥያቄው «ምን ይበላል?» ከሆነ መልሱን ልጅቷ ብቻዋን ልታመጣው አትችልም። የመልሱ ግማሽ በሽማግሌዎችና በማኅበረሰቡ እጅ ነው።

ለምሳሌ ኒሪት ታከለን ማንሳት ይቻላል። በ1985 ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልዳ፣ በ1991 በሰለሞን ዘመቻ ወደ እስራኤል መጣች። ራማት ጋን በሚገኘው ሸንካር ኮሌጅ ሥዕል ተምራ በ2015 ተመረቀች። የምትስላቸው ሰዎች ገላቸው ክብ ክብ ያለ፣ ቡናማ፣ ከድንጋይ የተጠረቡ የሚመስሉ፣ እርስ በእርስ የተደጋገፉ ናቸው። የአገር ቤቱን ኑሮም፣ እዚህ በወጣቱ ላይ የደረሰውንም በሸራዋ ላይ አምጥታዋለች። ዛሬ ሥራዎቿ በኢየሩሳሌም በእስራኤል ሙዚየም ስብስብ ውስጥ አሉ። በ2016 አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው አዲስ ፋይን አርት ጋለሪም ሥራዋን ለለንደን ተመልካች አቅርቧል።

«ሙያ በልብ ነው» ይባላል። ለሠዓሊ ግን ይሄ ተረት አይሠራም። የሠዓሊ ሙያ ግድግዳ ላይ ካልወጣ የለም ማለት ነው። ዐውደ ርእይ ብቻውን እንጀራ አይሆንም። ቀለሙን፣ ሸራውን፣ ፍሬሙን፣ መጓጓዣውን ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ሠዓሊው ራሱ ነው። ሥዕሉ በጋለሪ ከተሸጠም ጋለሪው እስከ ግማሽ ድረስ ይወስዳል። የዐውደ ርእይ ጥቅሙ ሌላ ነው፦ ያየ ሰው ያዝዛል። ትእዛዙ ለሥራው ዋጋ ያወጣለታል፤ ያ ዋጋ ደግሞ ለሚቀጥለው ትእዛዝ መነሻ ይሆናል። ሠዓሊ ደረጃ በደረጃ የሚያድገው እንዲህ ነው። አዛዥ ከሌለ መሰላሉ ከታች ይሰበራል።

ይሄንን ከሽማግሌዎች በላይ የሚያውቅ የለም። ቤተ እስራኤል በአገር ቤት የኖረው በትእዛዝ ሥራ ነው። ማረሻውን የሚቀጠቅጠው፣ ጋቢውን የሚሸምነው፣ ምጣዱንና ጀበናውን የምትሠራው ማን ነበር? በጎንደር ነገሥታት ዘመን በግንቡ ሥራ ላይ የእነዚህ አናጺዎችና ግንበኞች እጅ እንደነበረበት ይነገራል። ከጎንደር ወጣ ብላ በምትገኘው ወለቃ ሴቶቹ ትናንሽ የሸክላ ምስሎች እየሠሩ ለጎብኚ ይሸጡ ነበር። ጎረቤት ግን ቀን ማረሻውን አሠርቶ፣ ማታ ሠሪውን «ቡዳ» ይለው ነበር። ምናልባት «ልጄ በእጅ ሥራ አትኑር» የሚለው ፍርሃት ሥሩ እዚያ ድረስ ይዘልቃል። የተናቀው ግን እጁ አልነበረም፤ ናቂው ነበር የተሳሳተው።

የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። እሳቸው ሥዕልን መረጡ። ተመልሰው በ1954 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የመጀመሪያ የግል ዐውደ ርእያቸውን አቀረቡ። ከዚያ በኋላ ትላልቅ ትእዛዞች መጡ። በ1961 በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ያለው 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ባለቀለም መስታወት የእሳቸው ሥራ ነው። ተሰጥኦው የእሳቸው ነበር፤ ግድግዳውን የሰጣቸው ግን አገር ነው።

እዚህስ? የማኅበረሰቡ ታሪክ ሲነሳ በየቦታው የሚወጣው ፎቶግራፍ አንድ ዓይነት ነው፦ ነጭ የለበሱ ሰዎች፣ ግንባራቸው ላይ ቁጥር ተለጥፎ፣ ከአውሮፕላን ሲወርዱ። ፎቶው እውነት ነው፤ ክብርም ደስታም አለበት። ነገር ግን ያነሳው ሌላ፣ የመረጠው ሌላ ነው። ከአውሮፕላኑ በፊት የነበረው የወንዝ ዳር መንደር፣ የሱዳን የሌሊት ጉዞ፣ በመንገድ የተቀበረ ሕፃን፣ የቄሱ ጸሎት የት አለ? በ1984 በሃያ ዓመቱ በእግሩ ሱዳን የገባ ሰው ዛሬ ከስድሳ አልፏል። ያየውን ለሚስል ሰው የሚነግርበት ጊዜ እየጠበበ ነው።

«ገንዘብ ከየት ይመጣል?» የሚል አይጠፋም። ሐቅ ነው፣ ብዙው ሰው ኑሮው ጠባብ ነው። ሆኖም ለሰርግ አዳራሽና ለዘፋኝ ሲሆን ቀብዱ ሳይጨቃጨቁ ይከፈላል። ሠዓሊዋ ስትጠራ ግን «ለሲግድ በዓል አንድ ነገር ሥሪልን፣ ስምሽ ይጠራልሻል» ትባላለች። በስም ቀለም አይገዛም። ጸሎት ቤት ውስጥ ሥዕል አይሰቀልም የሚል ቢኖርም ተገቢ ነው፤ እዚያ ይሰቀል ያለ የለም። የሽማግሌዎች ክበብ፣ ማትናስ፣ ትምህርት ቤት፣ የማዘጋጃ ቤት ኮሪደር ግን ግድግዳ አላቸው። ማዘጋጃ ቤት ለበዓል በጀት ሲይዝ አንዱን ክፍል ለሥዕል ትእዛዝ እንዲያደርገው መጠየቅ የሽማግሌዎች ድርሻ ሊሆን ይችላል። ሲጠይቁም ቃላቸው ይሰማል።

ትእዛዝም ወግ አለው። መጠኑ፣ ቀኑ፣ ዋጋው በወረቀት ይጻፍ፤ ቀብድ ይሰጥ። ሽማግሌው ታሪኩን ይንገር፣ የመንደሩን ስም፣ የልብሱን ጥለት፣ የመንገዱን ድካም ሳያጓድል። ከዚያ በኋላ ብሩሹን ለሠዓሊዋ ይተውላት። ሸማኔን ድር እንዴት እንደሚያደራ የሚያስተምር አዛዥ የለም።

ከቴል ሞንድ ነታንያ ሩቅ አይደለም። አንድ ቀን አንድ አያት የልጅ ልጃቸውን ይዘው በሕዝብ አዳራሽ ግድግዳ ፊት ቢቆሙ፣ ልጁ «ይሄ ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ አያቱም «ይሄማ የእኛ መንደር ነው፣ እኔ ነኝ የነገርኳት» ቢሉ ምን ነውር አለው? ያን ዕለት «ምን ይበላል?» የሚለው ጥያቄ መልስ ያገኛል፤ ማኅበረሰቡ ያላዘዘውን ሥዕል ግን ሌላ ሰው እንደፈለገው ያዝዘዋል።