ጨጓራ ነው እየተባለ ስለሚዘነጋው የቆሽት ሕመም

ሰው እጅግ ሲናደድ «ቆሽቴ አረረ» ማለቱ በአገራችን የቈየ ልማድ ነው። ነገር ግን ቆሽት የተባለው የሰውነት ክፍል ወዴት እንዳለና ሥራው ምን እንደ ሆነ ቢጠየቅ፥ ከተማሩትም ወገን ቢሆን አጥርቶ የሚመልስ ጥቂት ነው። ስለዚህ እርሱ በእውነት በታመመ ጊዜ የሚጠረጥረው አይገኝም፤ ሕመሙ በጨጓራ ስም ይጠራል፥ በጨጓራም መድኃኒት ይታከማል። በዛሬው ጽሑፋችን ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልናስረዳ ያሰብነው ይህንኑ ነው።

ቆሽት ከጨጓራ በስተኋላ፥ ከአከርካሪ አጥንት ፊት ተጋድሞ የሚገኝ፥ ርዝመቱም 15 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ የሰውነት ክፍል ነው። ሥራው ሁለት ነው። አንደኛው፥ ምግብን በተለይም ስብን የሚያልም ፈሳሽ አመንጭቶ ወደ ቀጭኑ አንጀት መስደድ ነው። ሁለተኛው፥ የደምን ስኳር የሚቈጣጠረውን ኢንሱሊን ወደ ደም ማግባት ነው። ቆሽት ለብዙ ጊዜ እየተቈጣ ሲኖር ለምለሙ ሥጋ ወደ ጠባሳነት ይለወጣል፤ ጠባሳ የሆነውም ወደ ቀድሞው አይመለስም። ሥር የሰደደ የቆሽት መቈጣት የሚባለው ይህ ነው።

የምናውቃቸው አንድ ሹም ለ4 ዓመት ያህል ከእንብርት በላይ ተነሥቶ እስከ ጀርባ የሚዘልቅ ሕመም ያሠቃያቸው ነበር። ቅባት የበዛበት ምግብ በበሉ ጊዜ ይጸናባቸዋል፤ በጀርባቸው ሲተኙ ይብስባቸዋል፤ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ሲቀመጡ ግን ጥቂት ይቀልላቸዋል። የጨጓራ መድኃኒት ሲለዋወጥላቸው ከረመ። ኋላም ደማቸው ተመርምሮ «ምንም የለብዎትም» ተባሉ። ከዚህ በኋላ ከዘመድ ወዳጅ እኩሌታው «ዐመል ነው» አለ፤ እኩሌታውም መጠጥ ነው ብሎ አማቸው። ሐኪሞች ስለ መጠጥ በጠየቋቸው ጊዜ ሁሉ፥ ማዕረጋቸውን አስበው «አልጠጣም» ብለው ይመልሱ ነበር።

ባለቤታቸው ግን ሐሜቱን ትተው አንድ ደብተር ገዙ። የተበላውን ምግብ፥ ሕመሙ የጀመረበትንና የተወበትን ሰዓት በየቀኑ ጻፉ። የባላቸው ቀበቶ ሁለት ጊዜ አዲስ ቀዳዳ እንደ ተበጀለት፥ ዓይነ ምድራቸውም ቅባት የበዛበት፥ የገረጣና ከውኃ ላይ የሚንሳፈፍ እንደ ሆነ ጨምረው ጻፉ። ይህን መጻፍ ነውር መስሎ የሚታየው ሰው ይኖር ይሆናል፤ ለሐኪም ግን ከዚህ የበለጠ መሪ የለም።

በ6ኛው ሳምንት ደብተሩን ይዘው ወደ ሌላ ሐኪም ሄዱ። ሐኪሙም አንብቦ ሲጨርስ፥ ሹሙን ለብቻቸው አድርጎ ስለ መጠጥና ስለ ሲጋራ ጠየቃቸው። እርሳቸውም ብዙ ዓመት ሙሉ ማታ ማታ አረቄ እንደሚጠጡ፥ ሲጋራም እንደሚያጤሱ ነገሩት። ሐኪሙ አልገሠጻቸውም፤ ጻፈው እንጂ። ከዚያ በኋላ ምርመራው መንገዱን ያዘ።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ላይፔዝና አሚሌዝ የተባሉት የደም ምርመራዎች ድንገተኛ የቆሽት ሕመም ሲነሣ ከፍ ይላሉ፤ ሥር በሰደደው ሕመም ግን ደኅና መስለው ሊታዩ ይችላሉ። ስለዚህ አንድ የደም ምርመራ ጥሩ ሆነ ተብሎ ነገሩ አይዘጋም። በአልትራሳውንድም ቢሆን የአንጀት አየር ቆሽትን ሊጋርደው ይችላል። ሲቲ ስካን ግን በቆሽት ውስጥ የተጋገረውን ጠጠር፥ የቧንቧውን መስፋትና የሥጋውን መመንመን ያሳያል። ኤም አር አይ ቧንቧውን አጥርቶ ያሳያል፤ በኤንዶስኮፒ የሚገባው አልትራሳውንድ ደግሞ ገና የጀመረውን ለውጥ ለመፈለግ ይረዳል።

የቆሽትን ኃይል ለመለካት ኢላስቴዝ የተባለው ነገር በዓይነ ምድር ይመረመራል። በአንድ ግራም ከ200 ማይክሮ ግራም በታች ሲሆን ያጠራጥራል፤ ከ100 በታች ሲሆን ድካሙ የጸና መሆኑን ያመለክታል። ዓይነ ምድሩ ውኃ የሆነ እንደ ሆነ ግን ቍጥሩ ያሳስታል። ከዚህ ጋራ የደም ስኳር መመርመር፥ የጨጓራ ቍስልና የሐሞት ጠጠር፥ ይልቁንም የቆሽት ካንሰር አለመኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሕመሙ ገና ጀማሪ ሲሆን ከምርመራ ሁሉ ሊሰወር ስለሚችል፥ ሐኪሙ ተመልሰህ ና ባለ ጊዜ መመለስ እንጂ መሰልቸት አይገባም።

በሹሙ ቆሽት ውስጥ ጠጠር ተገኘ፤ የደማቸውም ስኳር ከፍ ብሎ ነበር። መጠጡንና ሲጋራውን ተዉ፤ ምግብ የሚያልመውን እንክብል ከማዕድ ጋራ ይውጣሉ። ክብደታቸው ተመልሷል፤ ሕመሙ ግን አልፎ አልፎ ይጎበኛቸዋል። የጠፋውን ባያገኙም የቀረላቸውን ይጠብቃሉ። ነገሩ በመጀመሪያው ዓመት ቢታወቅ ኖሮ የሚጠብቁት ይበዛ ነበር።

ይህን ስላወጋን ግን የቆሽት ሕመምተኛ ሁሉ ጠጪ ነው ማለታችን አይደለም። መጠጥና ሲጋራ ዋናዎቹ ምክንያቶች ቢሆኑም፥ በዘር የሚወረስ አለ፤ በደም ውስጥ ካለ ስብ ወይም ካልሲየም መብዛት፥ ከቧንቧም መዘጋት የሚመጣ አለ፤ ምክንያቱ ሳይገኝ የሚቀርም አለ። ጠብታ ሳይቀምስ የታመመውን ሰው ጠጪ ብሎ ማማት ሕመም ላይ ሕመም መጨመር ነው። የሚጠጣውንም ቢሆን ሐሜት ወደ መደበቅ ይመራዋል፤ መደበቁም ሐኪሙን ያሳስታል።

እንግዲህ በቤታችሁ እንዲህ ያለ ሕመም የሚመላለስበት ሰው ቢኖር፥ ደብተር ያዙለት፤ ሐኪሙንም «ቆሽቱ ተመርምሯል ወይ?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ። ሕመሙ እጅግ የጸና፥ ትውከቱ አልቆም ያለ፥ ትኵሳት የያዘው ወይም ዓይኑ ቢጫ የሆነ እንደ ሆነ ግን ደብተሩን ትታችሁ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት አድርሱት ብለን እናሳስባለን።