በረዶን የሚያቀልጠው ዝናቡ ነው ወይስ ነፋሱ?

በሰሜኑ የዓለም ክፍል የብርድ ወራት በገባ ጊዜ ምድሪቱ በበረዶ ትሸፈናለች። ይህ የበረዶ ክምር ለአገሩ ሕዝብ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው ለበጋ የተቀመጠ የውሃ ጎተራ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ባልታሰበ ቀን የሚደርስ የጎርፍ ዕዳ ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው በረዶው የሚቀልጥበት ፍጥነት ነው። ቀስ በቀስ ከቀለጠ ወንዙን ይመግባል፤ በአንድ ሌሊት ከቀለጠ ግን ድልድይ ይሰብራል፥ ነፍስም ያጠፋል።

ለዚህ ዋና ምስክር የሚሆነን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. በጃንዋሪ ወር በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል የደረሰው ጎርፍ ነው። ከወሩ 6 እስከ 8 ባሉት ቀኖች ብርቱ የበረዶ ማዕበል ወርዶ በፊላዴልፊያ ከተማ 78 ሳንቲ ሜትር ያህል በረዶ ተከመረ። ከ10 ቀን ያህል በኋላ ሞቃትና እርጥብ ነፋስ ከደቡብ ተነሣ፤ የአየሩ ሙቀት ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ወጣ፤ ዝናብም ተከተለ። በ19ኛውና በ20ኛው ቀን ሰስኩሃና፥ ዴላዌርና ፖቶማክ የተባሉት ወንዞች ሞሉ። በሃሪስበርግ ከተማ የሚገኘውን አሮጌውን የዋልነት ስትሪት ድልድይ ከፊሉን ጎርፉና ተንሳፋፊው በረዶ ወሰዱት። በጠቅላላው 30 ያህል ሰዎች ሞቱ። የፖቶማክ ወንዝ የሚያልፍባት ዋሽንግተን ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ከተማ ናት፤ እነዚያም ሁለት ቀኖች በእኛ አቆጣጠር የ1988 ዓ.ም. ከተራና ጥምቀት ነበሩ።

ይህን የሰማ ሰው ወዲያው «ዝናቡ በረዶውን አቀለጠው» ይላል። አባባሉ ለጆሮ የቀና ቢሆንም ሒሳቡ ሲሠራ አይስማማም። አንድ ግራም በረዶ በዜሮ ዲግሪ ላይ እንዳለ ወደ ውሃ ለመለወጥ 80 ካሎሪ ያህል ሙቀት ይፈልጋል። የ10 ዲግሪ ሙቀት ያለው አንድ ግራም ዝናብ በበረዶው ላይ ወርዶ እስከ ዜሮ ሲቀዘቅዝ የሚሰጠው ግን 10 ካሎሪ ብቻ ነው። እንግዲህ አንድ ግራም በረዶ ለማቅለጥ ስምንት ግራም ዝናብ ያስፈልጋል ማለት ነው። 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ፥ በሙቀቱ ከበረዶው የሚያወጣው ውሃ ከ5 ሚሊ ሜትር አይበልጥም።

ፀሐይዋስ እንዳንል፥ በብርድ ወራት ዝቅ ብላ ነው የምትሄደው፤ ከዚህም በላይ አዲስና ንጹሕ በረዶ ከሚያርፍበት ብርሃን ከመቶ 80 እና ከዚያም በላይ የሚሆነውን መልሶ ይሰደዋል። ታዲያ ያን ሁሉ በረዶ በአንድ ሌሊት ያቀለጠው ምንድን ነው?

መልሱ በዓይን የማይታየው በአየር ውስጥ ያለው የውሃ ተን ነው። የድስት ክዳን ሲከፍት እንፋሎት እጁን የገረፈው ሰው ምሥጢሩን ያውቀዋል። እንፋሎቱ በቆዳ ላይ ወደ ውሃ ሲለወጥ በውስጡ ተሰውሮ የነበረውን ሙቀት ይለቃል። በበረዶም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። አንድ ግራም ተን በበረዶው ገጽ ላይ ጤዛ ሲሆን 600 ካሎሪ ያህል ይለቃል፤ ይህም ከሰባት ግራም በላይ በረዶ ለማቅለጥ ይበቃል።

ነገር ግን ይህ የሚሆነው አየሩ በእርጥበት የጠገበ እንደ ሆነ ነው። አየሩ ደረቅ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ በረዶው ራሱ ወደ ተን እየተለወጠ ሙቀት ይበላል፥ ገጹም ይቀዘቅዛል። ስለዚህ የ5 ዲግሪ ሙቀት ያለው ደረቅ ቀንና የ5 ዲግሪ ሙቀት ያለው እርጥብ ሌሊት በቴርሞሜትር ላይ እኩል ቢሆኑም፥ በበረዶው ላይ የሚሠሩት ሥራ ለየቅል ነው።

ነፋስም የራሱ ድርሻ አለው። አየሩ ጸጥ ያለ እንደ ሆነ በበረዶው አጠገብ ያለው አየር ቀዝቅዞ እንደ ብርድ ልብስ ይጋርደዋል። ነፋስ ሲነሣ ግን ያንን ገፎ አዲስ ሙቀትና አዲስ ተን ያመጣል። በፔንሲልቫኒያ የደረሰውን የመረመሩት ሊቃውንት በረዶውን በፍጥነት ያቀለጡት ከሁሉ በላይ እርጥበቱና ብርቱው ነፋስ መሆናቸውን ገልጠዋል። ዝናቡ ግን ከክሱ ነጻ አይደለም፤ የበረዶውን ቀዳዳ ሞልቶ ያረሰርሰዋል፥ በወንዙም ላይ የራሱን ውሃ ይጨምራል።

ይህ እውቀት አዲስ አይደለም። ጄምስ ቸርች የተባለው በኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ የላቲን ቋንቋ መምህር የነበረው ሰው፥ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በሮዝ ተራራ ላይ በረዶውን በቱቦ እየቆረጠ በመመዘን በውስጡ ያለውን ውሃ አስቀድሞ የማወቅን ዘዴ አወጣ። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት መሐንዲሶችም በ1956 የበረዶ አቀላለጥን ሒሳብ በሰፊ መጽሐፍ አትመዋል።

ከባዱ ነገር እውቀቱን ውሃው ከመድረሱ በፊት በግድቡ በር ላይ ወዳለው ሰው ማድረስ ነው። በፌብሩዋሪ 2017 በካሊፎርኒያ ሞቃት ዝናብ በሴራ ኔቫዳ ተራሮች በረዶ ላይ ወርዶ የኦሮቪል ግድብ ሐይቅ ሞላ። የትርፍ ውሃ ማፍሰሻው የአሠራር ጉድለት ስለ ነበረበት ተቦረቦረ፤ በ12ኛው ቀን 188,000 ያህል ሰዎች ቤታቸውን ለቀው እንዲወጡ ታዘዙ። ግድቡ ራሱ አልፈረሰም፤ ሆኖም ሕዝቡ ያደረበት ጭንቀት ቀላል አልነበረም።

ዓለም እየሞቀች በሄደች መጠን ሞቃት አየር ብዙ ተን ይሸከማል፤ ቀድሞ በረዶ ይወርድባቸው በነበሩት ተራሮችም ላይ በብርድ ወራት ዝናብ እየበዛ ይሄዳል። ስለዚህ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ የሚሰጥ ሹም የዝናቡን ልክ ብቻ ቢጠይቅ አይበቃውም። በረዶው ስንት ውሃ ይዟል? አየሩ ጤዛ የሚጥለው በስንት ዲግሪ ነው? የነፋሱስ ኃይል ምን ያህል ነው? ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ዝናብ ድምፁ ስለሚሰማ ሁሉም ያየዋል፤ ተኑን ግን የሚያየው ለክቶ የሚጠብቅ ሰው ብቻ ነው። በሸለቆው የሚኖረውም ሕዝብ ተኝቶ የሚያድረው ይህን የሚለካ ሰው ነቅቶ ሲያድርለት ነው።