ስፒከር አለኝ በሰማይ

ነገሩን ከቃሉ እንጀምር። «ባለቤት» ማን ነው? እኛ እንደምናውቀው ገንዘቡን ከፍሎ ዕቃውን የወሰደ፣ ሲያሻው የሚከፍተው፣ ሲያሻው የሚዘጋው፣ ሲሰለቸው የሚሸጠው ሰው ነው። ቴፕ የነበራቸው ወላጆቻችን በዚህ ትርጉም ባለቤቶች ነበሩ። ካሴቱን ከተው ቁልፉን ይጫናሉ፤ ቴፑም ያዜማል። ፋብሪካው ቢከስር፣ ቢሸጥ፣ ስሙን ቢቀይር ቴፑ ግድ የለውም። መብራት ቢጠፋ እንኳ በድንጋይ ይሠራ ነበር።

አሁን ሪሞቱ ስልካችንና ኮምፒውተራችን ሆኗል። ከአልጋ ሳንወርድ የሳሎኑን ስፒከር እንከፍታለን፣ የኩሽናውን ድምፅ እንቀንሳለን። እሰየው! ጠባችን ከስልኩ ጋር አይደለም። ጠባችን በስልካችንና በስፒከራችን መሀል ከተሰነቀረው ሦስተኛ ወገን ጋር ነው። ስልኩ በእጃችን፣ ስፒከሩ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ፤ ትዕዛዙ ግን ብዙ ጊዜ ባሕር ተሻግሮ የኩባንያው ሰርቨር ዘንድ ደጅ ጠንቶ ይመለሳል። ይህን «ክላውድ» ይሉታል፤ ደመና ማለት ነው። አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብለው ቀድመው ጨርሰውታል።

ማጋነን መሰላችሁ? እስቲ እንቁጠር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ሶኖስን እንውሰድ። በ2002 አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመ፣ የየክፍሉን ስፒከር ከአንድ መቆጣጠሪያ በማዘዝ ስም ያተረፈ ኩባንያ ነው። በ2019 መጨረሻ አንድ ጉድ ተሰማ። ኩባንያው አሮጌ ዕቃቸውን በአዲስ ለሚተኩ ደንበኞች 30 በመቶ ቅናሽ ይሰጣል፤ በምላሹ ግን አሮጌው ዕቃ በ21 ቀን ውስጥ ጨርሶ እንዲሞት የሚያደርግ ትዕዛዝ ደንበኛው ራሱ እንዲሰጥ ይጠይቃል። የሚሠራ ስፒከር! ሊሸጥ፣ ለጎረቤት ሊሰጥ የሚችል ስፒከር! ጩኸቱ ሲበዛ በ2020 አሠራሩን ተወው።

ትምህርት ግን የወሰደ አይመስልም። በሜይ 2024 የድሮውን አፕ በአዲስ ተካው። አዲሱ አፕ ሲወጣ የእንቅልፍ ሰዓት ቆጣሪው አልነበረም፣ ማንቂያ ማስተካከያው አልነበረም፣ የዘፈን ተራ ማደራጃው አልነበረም። ከሁሉ የከፋው የዓይነ ስውራን ነገር ነው። ስክሪን የሚያነብላቸው ፕሮግራም ከአዲሱ አፕ ጋር አልግባባ ብሎ፣ ትናንት ያለ ማንም እርዳታ ያዙት የነበረው ስፒከር ዛሬ እምቢ አላቸው። ልብ በሉ፤ ስፒከሩ አልተበላሸም። ማንም አልጣለውም፣ ውሃም አልገባበትም። የድሮውን አፕ መልሱልን ሲባል ኩባንያው «ካፈርኩ አይመልሰኝ» አለ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ፓትሪክ ስፔንስ በጁላይ ይቅርታ ጠየቁ፤ ማረሚያው ከ20 እስከ 30 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያስወጣ ተነገረ፤ በኦገስት 100 ያህል ሠራተኞች ተቀነሱ፤ በጃንዋሪ 2025 ሰውየው ራሳቸው ወንበራቸውን ለቀቁ። አንድ አፕ ይህን ሁሉ አደረገ።

ሶኖስ ብቻውን አይደለም። በማርች 2025 የጉግል ሁለተኛው ትውልድ ክሮምካስትና ክሮምካስት ኦዲዮ በየሰው ቤት በአንድ ጊዜ ሥራ አቆሙ። ምክንያቱ የ10 ዓመት ዕድሜ የተሰጠው የማረጋገጫ ሰርተፊኬት ቀኑ ማለፉ ነበር። ጉግል በቀናት ውስጥ አስተካከለው። ባያስተካክለውስ? በኦክቶበር 2025 ደግሞ ቦዝ ሳውንድተች ለተባሉት ስፒከሮቹ የሚሰጠውን የክላውድ አገልግሎት ሊያቆም መሆኑን አስታወቀ። ደንበኞች ሲቆጡ ቀኑን ገፋው፤ ዕቃውን በሌላ ፕሮግራም ለማዘዝ የሚያስችለውንም ሰነድ ለሕዝብ ለቀቀ። ስንጮኽ ይሰማሉ ማለት ነው።

«ቴክኖሎጂ ያረጃል፤ የአሮጌ ዕቃ ሜሞሪና ፕሮሰሰር አዲሱን አይችልም» የሚሉን አሉ። እውነት አላቸው፤ አዲሱን ላይችል ይችላል። እኛ ግን አዲሱን መቼ ለመንን? የለመንነው በገዛንበት ቀን ይሠራ የነበረውን ነው። አዲስ ነገር አለመጨመርና የነበረውን መንጠቅ ለየቅል ናቸው።

ደግሞም ሌላ መንገድ እንዳለ በተግባር ታይቷል። ስኩዊዝቦክስ የሚባለውን የሙዚቃ ማጫወቻ የሠራውን ድርጅት ሎጂቴክ በ2006 ገዛው፣ በ2012 ምርቱን አቆመ፣ በ2024 የኢንተርኔት አገልግሎቱን ዘጋ። በሶኖስ ሒሳብ ቢሆን እነዚያ ዕቃዎች ዛሬ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ነበሩ። ነገር ግን ማጫወቻውን የሚያዝዘው ሶፍትዌር ከመነሻው ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የሚሠራውም በባለቤቱ ኮምፒውተር ላይ ነው። በጎ ፈቃደኞች ዛሬም ሊሪየን ሚውዚክ ሰርቨር በሚል ስም ያድሱታል። ኩባንያው ሄደ፤ ሙዚቃው ቀረ።

«ይህ የፈረንጅ ጣጣ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የምትሉ ካላችሁ 2020ን አስታውሱ። በዚያ ዓመት ከጁን መጨረሻ ጀምሮ በመላ ሀገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል ተዘግቶ ነበር። ያኔ ፍላሽ የሚቀበለው ስፒከር ዘፈነ፣ ሬዲዮው ተናገረ። ከደመና ፈቃድ የሚጠብቅ ዕቃ ግን ዲዳ ነው። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አገር ዘመድ ከውጭ የሚልክልንን ዘመናዊ ስፒከር እንደ ሥጦታ ብቻ ሳይሆን እንደ ውልም ልናየው ይገባል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ስልክና ስፒከር በአንድ ዋይፋይ ላይ እስካሉ ድረስ ያለ ማንም ፈቃድ ይነጋገሩ። ሁለተኛ፣ ኩባንያው ዕቃውን እስከ መቼ እንደሚደግፍ በካርቶኑ ላይ ይጻፍ፤ መድኃኒትና ብስኩት እንኳ ቀን ይጻፍባቸዋል። ሦስተኛ፣ ድጋፉን የሚያቆም ኩባንያ ቁልፉን ለሕዝብ ለቆ ይሂድ።

እስከዚያው ግን የገበያውን መላ እንንገራችሁ። ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን «የኢንተርኔቱን መስመር ንቀለው፣ ዋይፋዩ ይቆይ» በሉት። ከዚያ በስልካችሁ ወይም በላፕቶፓችሁ ውስጥ ያለ ዘፈን አጫውቱ። ከዘፈነ ግዙት። ዝም ካለ ትታችሁት ውጡ። ኬብል መሰኪያ ቀዳዳ እንዳለውም እዩ፤ ያቺ ቀዳዳ አፑ በከዳችሁ ቀን ታወጣችኋለች።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። ይህ ግን የሰው ወርቅ አይደለም፤ ከፍለንበታል። ሪሞቱን መልሱልን።