«8 ሰዓት» ስንት ሰዓት ነው?

ሳክሲ ባለው ቤታችን የፍሪጅ በር ላይ አንዲት ወረቀት ተለጥፋለች። የጻፍኳት እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት አያቴ ሐኪም ቤት ተኝተው ሲወጡ የተሰጣቸው ወረቀት በእንግሊዝኛ ነበር። «ነርሲንግ የምማረው እኔ አይደለሁ?» ብዬ የደም ግፊት ክኒናቸውን ሰዓት በአማርኛ ገለበጥኩላቸው፦ «8 ሰዓት ላይ አንድ ፍሬ ውሰዲ»።

አያቴም እንደተጻፈው አደረጉ። ክኒኑን በ8 ሰዓት ዋጡ፤ ከምሳ በኋላ፣ ስልኬ 2 ሰዓት ሲል። ያወቅነው ከሳምንት በኋላ ነው። ደግነቱ ጉዳት አልደረሰባቸውም። ስጠይቃቸው፣ «በአማርኛ ጻፍሽልኝ፣ እኔም በአማርኛ ቆጠርኩ» አሉኝ። ምን እመልሳለሁ?

ስህተቱ ሰዓቱ ብቻ አልነበረም። «ውሰዲ» የሚባል ቃል የለም፣ «ውሰጂ» ነው። እሱም ቢሆን ለአያት አይጻፍም፣ «ይውሰዱ» ነው የሚባለው። በአንዲት መስመር ሦስት ስህተት። ስናገር ግን ማንም አይነቃብኝም፤ እንዲያውም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «አሜሪካ ያደገች አትመስልም» ይሉኛል።

ስለዚህ ተመዘገብኩ። አቫንት ስታምፕ የሚባለው የቋንቋ ፈተና አማርኛን በመጻፍና በመናገር ይፈትናል። በብዙ ግዛቶች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በዲፕሎማቸው ላይ የሁለት ቋንቋ ማኅተም ለማስመታት እንዲህ ያለ ፈተና ይወስዳሉ፤ ማኅተሙን ካሊፎርኒያ በ2011 ሕግ አድርጋ ጀመረችው። እኔ የምወስደው ለራሴ ነው።

ጓደኞቼ ሳቁብኝ። «የእናትሽን ቋንቋ እንደ ውጭ ቋንቋ ልትፈተኚ?» አሉ። መጀመሪያ እኔንም ቅር ብሎኝ ነበር። ግን እውነቱን እንናገር፦ በጽሑፍ ሲመጣ አማርኛ ለብዙዎቻችን የውጭ ቋንቋ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለዲፕሎማቶቹ ኢንዶኔዥያኛ ለማስተማር 36 ሳምንት ሲመድብ ለአማርኛ 44 ሳምንት ይመድባል። እኛ ግን «ወጥ ጨምሪልኝ» ማለት ስለቻልን ብቻ ቋንቋውን የጨረስነው ይመስለናል።

«በድምፅ መልእክት መላክ እየተቻለ መጻፍ ለምን?» የሚሉም አሉ። የድምፅ መልእክት ፍሪጅ ላይ አይለጠፍም። ሌሊት መድኃኒቱን የሚፈልግ ሰው ቴሌግራም ውስጥ ገብቶ ሃያ መልእክት አያዳምጥም።

ለእኛ ለጤና ተማሪዎች ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። በ2010 በወጣው የጤና ሕግ አንቀጽ 1557 ሥር ያሉት ደንቦች፣ አንድ ሠራተኛ በሁለተኛ ቋንቋው ታካሚ እንዲያነጋግር ሲመደብ ቃላቱን እስከ ሙያው ድረስ ማወቁ እንዲረጋገጥ ይጠይቃሉ። ከአስቸኳይ ሁኔታ በስተቀርም ልጆችን አስተርጓሚ ማድረግ ይከለክላሉ። ስንቶቻችን ነን በ10 ዓመታችን ለእናቶቻችን ያስተረጎምነው? ያኔ ማንም አልፈተነንም። አድገን ነጭ ጋውን ስንለብስም «አማርኛ ትችያለሽ አይደል?» ብቻ እንባላለን፤ እኛም «አዎ» እንላለን። በእርግጥ ይህ ፈተና አስተርጓሚ አያደርገኝም። የት ላይ ዝም ብዬ አስተርጓሚ መጥራት እንዳለብኝ ግን ያሳየኛል።

አስተማሪዬ አያቴ ናቸው። ፊደል የቆጠሩት ካገቡ በኋላ፣ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ቀን ሲሠሩ ውለው ማታ ይማሩ ነበር፤ ተፈትነው ያገኙትን ምስክር ወረቀት ዛሬም ከፓስፖርታቸው ጋር ያስቀምጡታል። አሁን በየማታው አሥር መስመር እጽፋለሁ፣ እሳቸው በቀይ እስክሪብቶ ያርማሉ። በሰ እና በሠ ብዙ አይጨቃጨቁም። «ይሰጣል» ብዬ ስጽፍ ግን «ሰጪው ነው ወይስ ተሰጪው?» ይሉኛል፤ ፊደላችን መጥበቁንና መላላቱን ስለማያሳይ ዓረፍተ ነገሩን ግልጽ ማድረግ የጸሐፊው ዕዳ ነው። ለመድኃኒት መመሪያ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ማኅበራችን በየዓመቱ የባህል ቀን ያዘጋጃል፤ እስክስታውም ምግቡም ደስ ይላል። ከዚያው ጋር በሳምንት አንድ ሰዓት የጽሕፈት ክፍለ ጊዜ ቢጨመር ምን ይጎዳል? ከጋርላንድም ከዋይሊም የሚመጡ፣ ማረም የሚችሉ ወላጆችና አያቶች ሞልተዋል። የቀድሞ ተማሪዎችም ብትሆኑ ኑ፤ የሚያሳፍረው አለማወቁ ሳይሆን የሚያውቁ መስሎ መቅረቱ ነው።

ፈተናዬ በሚቀጥለው ወር ነው። የፍሪጁ ወረቀት ግን አሁኑኑ ተቀይሯል፦ «ጠዋት በ2 ሰዓት፣ ከቁርስ በኋላ፣ አንድ ፍሬ ይውሰዱ»። አያቴ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ቀይ እስክሪብቶ አላነሱም።