በእጅ የያዙት ወርቅ፦ የእንሰት ስታርችና የአፖቴኩ ክኒን

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ቢየርቪካ ብቅ ያለ ሰው፣ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ዳይክማን ቤተ መጻሕፍት የመጡ ኢትዮጵያውያንን ማግኘቱ አይቀርም። ትናንት የኮንቴይነር መደርደሪያና የመኪና መተላለፊያ የነበረው ይህ የኦስሎ ወደብ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የኦፔራው ቤት፣ በ2020 ደግሞ ይኸው ቤተ መጻሕፍት ተከፍተውበት ሌላ መልክ ይዟል። ልጆቹ መጽሐፍ ሲያገላብጡ የትልልቆቹ ወሬ ከሀገር ቤት ፖለቲካ ተነስቶ ወደ ጤና ይዞራል። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ጨጓራ። "ክኒኑ ሳይሟሟ እንዳለ ወጣ፤ እንግዲህ ምን ይረባኛል ብዬ ተውኩት" የሚል አይጠፋም። ክኒኑ ትልቅ ሆኖበት ጨፍልቆ በማር የሚውጥም አለ። የተረፈውን ያለ ምንም ማብራሪያ በሰው እጅ ለእናቱ የሚልክም አለ።

ይህ ሁሉ የሚመጣው ከአንድ የተሳሳተ ግምት ነው። ክኒን ማለት መድኃኒቱ ብቻ ነው፣ የቀረው መሙያ ነው የሚል ግምት። ሐቁ ግን ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ ከክኒኑ ክብደት ትልቁን ድርሻ የሚይዘው መድኃኒቱ ሳይሆን መድኃኒቱን የተሸከመው ነገር ነው። መድኃኒቱ የትና በስንት ሰዓት እንደሚለቀቅ የሚወስነውም ይኸው ተሸካሚ ነው።

በካርቶኑ ላይ "ዴፖትታብሌት" የሚል ቃል ካለ፣ መድኃኒቱ ለአሥራ ሁለት ወይም ለሃያ አራት ሰዓት ቀስ እያለ እንዲወጣ ተደርጎ ተሠርቷል ማለት ነው። ከእነዚህ ክኒኖች ብዙዎቹ የሚሠሩት ከእንጨት ወይም ከጥጥ ሴሉሎስ በሚዘጋጅ ፖሊመር ነው። ፖሊመር ማለት እንደ መቁጠሪያ ፍሬ እየተያያዙ ረጅም ሰንሰለት የሠሩ ጥቃቅን ሞለኪውሎች ናቸው። ሰንሰለቱ ውሃ ሲያገኝ ያብጥና ዝልግልግ ይሆናል፤ ሳይንቲስቶች ሃይድሮጄል ይሉታል። መድኃኒቱ በዚያ ዝልግልግ ውስጥ እየሾለከ ይወጣል። አንዳንዴ ባዶው ቅርፊት በሰገራ ይታያል፤ መድኃኒቱ ግን ሥራውን ጨርሷል። እንዲህ ያለውን ክኒን መጨፍለቅ የቀኑን መድኃኒት በአንድ ጊዜ ወደ ደም እንደ መድፋት ነው። "ኢንተሮታብሌት" የሚባለው ደግሞ የጨጓራን አሲድ አልፎ አንጀት ላይ እንዲፈታ ተሸፍኖ የተሠራ ነውና ሽፋኑን መስበር ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል። ከዴፖት ክኒኖች መካከል በመስመራቸው ለሁለት ሊከፈሉ የሚችሉ ስላሉ፣ ከመክፈል በፊት ፋርማሲስቱን መጠየቅ ነው።

ነገሩ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ሊሆን ባልተገባው ነበር። ተልባ በጥብጣ ለጨጓራ ያጠጣች እናት ዝልግልጉ ምን እንደሚሠራ ታውቃለች። አብሽ ሲነከር እንዴት እንደሚነፋ ያላየ ቤት የለም። ለአራስ የሚቀርበው የቡላ ገንፎም በፈላ ውሃ አብጦ የተያያዘ ስታርች ነው። ስታርች ደግሞ ፖሊመር ነው። የእናቶች ጓዳ በሃይድሮጄል የተሞላ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ልዩነቱ የመጣው ከጓዳው በኋላ ባለው መንገድ ነው። ኖርዌጂያኖች የባሕር ጠረፋቸውን ሣር ለዘመናት ለማዳበሪያና ለከብት መኖ አዋሉት፤ አቃጥለውም አመዱን ሸጡ። በሣሩ ውስጥ ያለውን አልጂኔት የተባለ ፖሊመር በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለይቶ ያወጣው እንኳ ስታንፎርድ የተባለ ብሪታንያዊ ኬሚስት ነበር። ይሁንና ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኖርዌይ ለባሕር ሣር ምርምር ብቻ የቆመ ተቋም አቋቋመች። በ1960ዎቹ በትሮንድሄም አርነ ሃውግና ኦላቭ ስሚድስሮድ የአልጂኔትን ሰንሰለት በዝርዝር መረመሩ። ሰንሰለቱ ከሁለት ዓይነት ስኳሮች የተሠራ ሲሆን፣ ስኳሮቹ የተደረደሩበት ሥርዓት ከካልሲየም ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረውን ጄል ጥንካሬ እንደሚወስን አሳዩ። ዛሬ አልጂኔት ቁስል ላይ በሚለጠፍ ጨርቅ፣ በምግብ ፋብሪካና በመድኃኒት ውስጥ ይገኛል። ብዙ ወገን ለቃር የሚጠጣው ጋቪስኮን እንኳ ከቡናማ የባሕር ሣር የወጣ አልጂኔት ነው። ጨጓራ ውስጥ ሲገባ ጄል ይሠራና በአሲዱ ላይ እንደ ታንኳ ይንሳፈፋል።

ታዲያ ኢትዮጵያ ምን ሠራች? ምንም አልሠራችም የሚል ካለ ተሳስቷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ምሁር የሆኑት ፕሮፌሰር ጽጌ ገብረ ማርያም፣ ከጀርመናዊው ተመራማሪ ሽሚት ጋር የእንሰትን ስታርች መርምረው እ.ኤ.አ. በ1996 ውጤቱን አሳትመዋል። ያዩት ስታርቹ የክኒን ዱቄትን ማጣበቅ፣ ክኒኑ ከተዋጠ በኋላም መበተን ይችል እንደሆነ ነው። ለሁለቱም ይሆናል። ከድንች ስታርች ጋር ሲነጻጸር የማጣበቅ ኃይሉ በልጦ፣ የመበተን ኃይሉ ደግሞ አንሶ ተገኝቷል። በ1998 ደግሞ የያም ዘመድ በሆነው የኢትዮጵያ ሥራ ሥር ስታርች ላይ ጥናት አወጡ። የጉራጌ፣ የሲዳማ፣ የጌዴኦ፣ የሀዲያና የከምባታ ገበሬ በጓሮው የተከለው፣ ሃያ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የሚመገበው ተክል በዓለም የፋርማሲ መጽሔቶች ላይ ስሙ ተጠርቷል።

ከዚያስ? ኢትዮጵያ ዛሬም ከምትጠቀምበት መድኃኒት አብዛኛውን ከውጭ ታስገባለች፤ በሀገር ውስጥ ያሉት ፋብሪካዎችም አብዛኛውን ጥሬ ዕቃ በውጭ ምንዛሪ ይገዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 መንግሥት የመድኃኒት ማምረቻን ለማስፋፋት የአሥር ዓመት ስትራቴጂ አውጥቷል። የስትራቴጂው ዘመን ሲያበቃም የእንሰት ስታርች የፋብሪካዎቹ የዘወትር ዕቃ አልሆነም።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ መነሳቱ አይቀርም። አንደኛው፣ "ሕዝብ የሚበላውን ለፋብሪካ መስጠት ረሃብ መጥራት ነው" የሚል ነው። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ የእንሰት አጠውላጊ በሽታ ማሳውን እያጠቃ ባለበት ጊዜ ደግሞ ይበልጥ ያሳስባል። ነገር ግን ለማጣበቂያነት የሚያስፈልገው ስታርች ከክኒኑ ክብደት ጥቂት እጅ ብቻ ነው። ፋብሪካው እንሰትን ቢፈልግ በሽታውን ለሚዋጉ ተመራማሪዎችም ተጨማሪ ደጋፊ ያገኙ ነበር። ሁለተኛው፣ "የበቆሎ ስታርች በዓለም ገበያ ርካሽ ነው፤ ለምን ይለፋል?" የሚል ነው። ይህ የበለጠ ከባድ ጥያቄ ነው። ፋብሪካ የሚፈልገው ዛሬም ነገም አንድ ዓይነት ንጽሕና ያለው ዱቄት ነው፤ ያንን ለማዘጋጀት ማጣሪያ፣ ላቦራቶሪና የጥራት ደረጃ ያስፈልጋል። ኖርዌይ ያደረገችውም ይህንኑ ነው። ሣሩን እግዜር ሰጣት፤ ተቋሙን ግን ራሷ ሠራች፤ ሰዎቹ ሲለወጡም ሥራው ቀጠለ። በኢትዮጵያ የጎደለው ምሁርም ተክልም አይደለም፤ የምሁሩን ጽሑፍ ከመደርደሪያ አውርዶ ወደ ፋብሪካ የሚያደርስ ትዕግሥት ነው።

የኦስሎው ማኅበረሰብ ከሩቅ ሆኖ የሀገር ቤቱን ብቻ ቢወቅስ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በመካከሉ ፋርማሲስቶች፣ ነርሶችና የኬሚስትሪ ተማሪዎች አሉት። ለሠርግና ለለቅሶ የሚሰበሰበው ወገን በወር አንድ ቅዳሜ ተሰብስቦ መድኃኒቱን በካርቶኑ ይዞ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ማብራሪያ ቢሰማ ምን ይከብደዋል? ሐኪም ቤት ገብቶ ቋንቋው ያልገባው ሰው አስተርጓሚ ይጠይቅ፤ የሕዝብ ተቋማት አስፈላጊ ሲሆን አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ የሚያዝዘው የኖርዌይ ሕግ ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይሠራል። ልጅን አስተርጓሚ አድርጎ መቀመጥ ይቅር። ወደ ሀገር ቤት መድኃኒት መላክ የለመደም፣ እዚያ ያሉት ዘመዶቹ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እየዋጡት መሆኑን ያስብ።

ከዚያም አልፎ፣ ለሕንፃና ለድግስ ገንዘብ የሚያዋጡ ማኅበራት አንድ የአዲስ አበባ የፋርማሲ ተማሪ በእንሰት ስታርች ላይ የሚያደርገውን ምርምር ቢደግፉ ስማቸው ከድግሱ ይልቅ ይቆያል። በኖርዌይ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የኢትዮጵያዊ ልጅም የመመረቂያ ርእስ ሲፈልግ የአያቱን ጓሮ ቢያስታውስ፣ በሣር የታወቀች ሀገር መምህራን አይስቁበትም። ከሁሉ ይልቅ የሚገባቸው እነሱ ናቸው።

"በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል" የተባለው ለዚህ ነው። ቡላው በጓዳ፣ ጥናቱ በመደርደሪያ፣ ክኒኑ በኪስ ነው። ሦስቱን የሚያገናኝ ሰው እስኪገኝ ድረስ ወርቁ መዳብ እየተባለ ይኖራል፤ እዚህ ኦስሎም ክኒኑ በማር እየተጨፈለቀ ይዋጣል። ልብ ያለው ልብ ይበል።